ኮሎኔል በሁለት ‹ል›

ከሃምሳ አለቃ ጋር የተቀያየምነው በአንድ ቃል ነው። ጊዜው 1998 ዓ.ም. ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁ ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። እናቴ መርጡለ ማርያም ውስጥ ጠላ ትሸጥ ስለነበር ማታ ማታ የከተማው ጡረተኛ ከመደባችን አይጠፋም። የዚያን ቀን ሃምሳ አለቃ ስለ ኦጋዴን ጦርነት ያወራሉ፤ ከአለቆቻቸው ሁሉ አብልጠው ይወዱት ስለነበረ አንድ ኮሎኔል። የኮዳውን ውኃ ለቁስለኛ ሰጥቶ እሱ ጉሮሮው እንደ ደረቀ ይውል እንደነበር ሲናገሩ ጠላ ቤቱ ጸጥ ብሎ ይሰማል። እኔ አምፖሉ ሥር ደብተሬን ዘርግቻለሁ። አርፌ አልቀመጥ!

“ጋሼ፣ ኮሎኔል እኮ አይባልም” አልኩ። “ከርነል ነው የሚባለው።”

ሃምሳ አለቃ ጣሳቸውን አስቀመጡ።

“ምን አልክ አንተ?”

“ከርነል።”

“ከርከሮ ነው የምትለኝ?”

“አይ፣ በእንግሊዝኛ...”

“አሥራ ሰባት ዓመት ‹አቤት ጓድ ኮሎኔል!› እያልኩ ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። አንድም ቀን ‹ተሳስተሃል፣ ከርነል በለኝ› ያለኝ የለም። አንተ ገና ትናንት...”

የቀረውን ሳቁ ዋጠው። ሰው የሳቀው በእኔ ይሁን በእሳቸው ዛሬም አልለየሁትም፤ እሳቸው ግን በእሳቸው መሰላቸው። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። እናቴ ሂሳቡን ሳትቀበል ሸኝታቸው ተመለሰችና ጆሮዬን ይዛ፣ “የተማርከው ሽማግሌ ማሳፈር ነው?” አለችኝ።

ያንን ቃል ከየት አመጣሁት? ታሪኩ ከፕላዝማ ይጀምራል።

በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የገባ ልጅ ፕላዝማን አይረሳም። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ ክፍላችን ግድግዳ ላይ በብረት ሳጥን በተቆለፈ ሰፊ ቴሌቪዥን ይመጣል። ስምንተኛ ክፍልን በአማርኛ ጨርሰን የመጣን ልጆች በአንድ ክረምት ልዩነት ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም እንግሊዝኛ ሆኖ ጠበቀን። ያውም እንዲህ የሚሮጥ እንግሊዝኛ! ሴትዮዋ ጥያቄ ትጠይቃለች። ዝም ትላለች። ስልሳ ልጅ አፉን ከፍቶ ያያታል። ትንሽ ቆይታ ፈገግ ትልና “ቬሪ ጉድ!” ብላ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ማን መልሶላት ነው? እውነቱን ለመናገር እኛ የተማርነው መብራት ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ መምህራችን ከግድግዳው ተላቆ ይነሣል፤ ጠመኔ ያነሣል።

አንድ ቀን በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ሴትዮዋ “አይላንድ” እያለች ስትደጋግም እኔና ጓደኛዬ አገር መስሎን ካርታ ላይ ፈለግነው። አየርላንድን አገኘን፤ እሷ ደግሞ ስለ ኢንዶኔዥያ ነው የምታወራው። መጽሐፉ ላይ ያለውን ቃል እኛ “ኢስላንድ” ብለን እናነበው ነበርና ሁለቱ አንድ ናቸው ብሎ ማን ይጠርጥር? በመርጡለ ማርያም ደሴት ማለት ጣና ላይ ያለ ገዳም ነው፤ ደሴት በእንግሊዝኛ ሁለት ስም ያለው፣ አንድ ለዐይን አንድ ለጆሮ፣ መሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

የዚያኑ ሰሞን አጎቴ ከደብረ ማርቆስ አሮጌ መዝገበ ቃላት ይዞልኝ መጣ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በላስቲክ የተሰፋ፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች የጠፉበት፣ ኦክስፎርድ ያሳተመው የሆርንቢ መዝገበ ቃላት ነበር። ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ መጽሐፉም መጀመሪያ የታተመው በ1942 እ.ኤ.አ. እዚያው ቶኪዮ ነው። ለእንግሊዝ ልጅ ሳይሆን እንደኔ ላለው ባዕድ የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ይህን ያኔ አላውቅም። ያየሁት ነገር ቢኖር ከእያንዳንዱ ቃል ጎን በሁለት ዘመም ያሉ መስመሮች መካከል የተሰገሰገ እንግዳ ጽሕፈት ነው፤ የተገለበጠች ኢ፣ አንገቷን ያስረዘመች ኤስ፣ ወገቧን የታጠቀች ክብ። ማተሚያ ቤቱ የተሳሳተ መሰለኝ። ወስጄ ለመምህራችን አሳየሁት።

“ስህተት አይደለም” አለኝ። “አፍ ነው። ይሄኛው ቃሉ የሚጻፍበት ነው፤ ይሄኛው የሚባልበት።”

ከዚያ በኋላ በየዕረፍቱ አምስት ስድስት ሆነን ባሕር ዛፉ ሥር እንሰበሰብ ነበር። ምልክቶቹን አንድ በአንድ አስቆጠረን፤ ልክ ሀ ሁ እንደ መቁጠር። የተገለበጠችውን ኢ ስንፈራት፣ “ምን ያስፈራችኋል? ይቺ የኧረ ኧ ናት” አለን። እውነትም ‹ኧ› ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ‹ኧረ› ሆኖ ቀረ፤ “እዚህ ጋ ኧረ አለች” እንባባላለን። ‹እስፖርት›፣ ‹እስኩል› ስንል ደግሞ፣ “በር ላይ ያቆማችኋትን እ አሰናብቷት፣ ማንም አልጠራትም” ይለናል። ለ‹ፒ› ብጣሽ ወረቀት ከከንፈራችን ፊት አስያዘን። በእንግሊዝኛው ‹ፒ› ወረቀቱ ብን ይላል፤ በእኛ ‹ጰ› ንቅንቅ አይልም። ጓደኛዬ ወረቀቱን በምራቅ አራሰው እንጂ ‹ፒ› ሊወጣለት አልቻለም።

አንድ ሰሞን እንግሊዝኛ የእብድ ቋንቋ ነው እያልን ስናማርር መምህራችን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በአማርኛ “ገና ገና ነው” ብሎ ጻፈና አንብቡ አለን። አነበብን። “ሁለቱ ገናዎች አንድ ዓይነት ናቸው?” አይደሉም፤ ፊተኛው በዓሉ ነው፣ ይጠብቃል፤ ኋለኛው ይላላል። “የቱ እንደሚጠብቅ ማን ነገራችሁ? ፊደሉ ነው?” ፊደሉ ምንም አላለም። “እንግዲያው እብድ ሁለት ሆነ” ብሎ ሰሌዳውን ጠረገ።

በዚህ መሀል ነው ደብተር የከፈትኩት። ባለ ሃምሳ ሉህ ደብተር፤ ሽፋኑ ላይ በትልቁ “ሽፍቶች” ብዬ ጻፍኩበት። ጎጃም ያደገ ልጅ ሕግ አልገዛም ብሎ ጫካ ለገባ ነገር ሌላ ስም የለውም። ‹ኬ› ታጥቃ አንዴም የማትተኩስበት ቢላዋ፣ ‹ቢ› ውስጡ የተሸሸገችበት ዕዳ፣ መሀሉ ላይ ‹ዲ› ተቀብራ ‹ዌንዝደይ› የሚባል ረቡዕ፣ እኔ ‹ቾይር› እያልኩ ከርሜ ‹ኳየር› ሆኖ የተገኘው የመዘምራን ጓድ። የሽፍቶቹ አለቃ ግን፣ ከገጽ አንድ፣ ኮሎኔል ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ‹አር› የሚባል ፊደል በዘር የለም፤ ሲነገር ግን ‹ከርነል› ይላል። (ያቺ ‹ር› ራሷ በአሜሪካው አፍ እንጂ በለንደኑ እንደማትሰማ ኋላ ነው የገባኝ። እኔ በመርጡለ ማርያም አፍ አጥብቄ እላት ነበር።) እንግዲህ ያን ማታ በሃምሳ አለቃ ላይ የተኮስኩት ይህን ነው።

ሁለት ሳምንት ከቤታችን ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት እናቴ በእንስራ ጠላ ሞልታ፣ “ሂድ፣ እግራቸው ላይ ውደቅ” ብላ ሰደደችኝ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

“ከርነሉ መጣህ?”

ታርቀናል ማለት ነው። ስሙ ግን አልተፋቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመርጡለ ማርያም ሰው ሁሉ ከርነሉ ሆንኩ፤ እንግሊዝኛ ቆጥሮ የማያውቅ ሰው ሳይቀር። “ከርነሉ፣ በሬዎቹን መልስልኝ!”

ዕርቁ ሌላም ነገር አመጣልኝ፤ ሬዲዮውን። ሃምሳ አለቃ ማታ ማታ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ዝግጅት ያዳምጣሉ። እሱ ሲያልቅ መርፌውን በአጭር ሞገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ሳደርግ አንድ ቀን በዝግታ የሚናገር ሰው አገኘሁ። ‹ስፔሻል ኢንግሊሽ› ይሉት ነበር፤ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰሚ ሲሰራጭ የኖረ፣ 1500 ያህል ቃላት ብቻ እየመረጠ ቃልን ከቃል ለይቶ የሚያነብ ዝግጅት ነበር። ከፕላዝማዋ ሴትዮ በኋላ ይህ ሰውዬ የእግዜር በረከት ነው። ነፋሱ ሲያመጣው ይሰማል፤ ሲወስደው እንደ ወራጅ ውኃ ሹ ይላል። በዚያ ሹታ ውስጥ ከደብተሬ አንዱ ሽፍታ በትክክለኛ ስሙ ሲጠራ ስሰማ ዘልዬ እነሣለሁ። ሃምሳ አለቃ፣ “ተያዘ?” ይሉኛል። “ተያዘ፣ ጋሼ።” “በሕይወቱ ነው?” ብለው ይስቃሉ።

የዚያ ዓመት ትልቁ ትምህርቴ ግን ከሬዲዮም ከመዝገበ ቃላትም አልመጣም። ከየኔታ ነው።

መርጡለ ማርያም ያላየ አንባቢ ይኖር ይሆናልና ልንገረው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ መርጡል በግዕዝ አዳራሽ ማለት ነው፣ የማርያም አዳራሽ። ትውፊቱ አመሠራረቷን ወደ አብርሃና አጽብሐ ያደርሰዋል፤ እቴጌ እሌኒ እንዳሠራቻትም ታሪክ ይናገራል። የአሮጌው ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም አለ፤ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባ ትናንት የተሠራ ይመስላል። እኛ ልጆች በዚያ ግንብ ጥላ ሥር ነው ፊደል የቆጠርነው። ፊደለ ሐዋርያ፣ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ፤ ከዚያ ዳዊት። እኔ ዳዊትን ሳልጨርስ ወደ አስኳላ ስሄድ የኔታ ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ። በኋላም መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጉልበታቸውን ስሜ ማለፍ እንጂ ቆሜ ማውራት አልደፍርም ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጠሩኝ።

“እንግሊዝኛ በረታህ አሉኝ።”

“እየሞከርኩ ነው፣ የኔታ።”

“እስቲ ዳዊትን እንግሊዞች ምን ይሉታል?”

ደብተሬ ላይ ያለ ሽፍታ ነበር፤ አፌ ላይ መጣ።

“ሳም።”

“ማንን?”

አጠገባቸው የነበሩት የቆሎ ተማሪዎች በሳቅ አለቁ። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ትቢያው ላይ በጭራሮ አምስቱን ፊደላት ጻፍኩላቸው፤ ፒ፣ ኤስ፣ ኤ፣ ኤል፣ ኤም። “የፊተኛዋ አትነበብም፣ የኔታ። ከመጨረሻዋ በፊት ያለችውም አትነበብም። የቀረው ‹ሳም› ነው።”

“የማይነበቡ ከሆነ ምን ይሠራሉ እዚህ?”

“እንጃ። እንዲሁ ናቸው።”

“እንዲሁ የሚባል ፊደል የለም” አሉና ጭራሮውን ተቀበሉኝ። ከእኔ ጽሕፈት ሥር ሁለት ቃል ጻፉ። “አንብብ።”

“ሠረቀ።”

“ሁለተኛውንስ?”

“ሰረቀ።”

“በጆሮህ ምን ለያቸው?”

“ምንም።”

“ፊተኛው ፀሐይ ወጣ ነው። ኋለኛው ሌባ ነው። በንጉሡ ሠ ፈንታ እሳቱን ሰ ብትጽፍ ፀሐይን ሌባ አደረግኻት።” ጭራሮውን ጣሉት። “ፊደል ሁሉ ለአፍ አይሠራም፤ ለዐይን የሚሠራም አለ። እነዚህም ሁለቱ ከአንድ አገር መጥተው ይሆናል፤ ጠይቅ። ‹እንዲሁ› አትበል።”

ልሄድ ስል መልሰው ጠሩኝ። “ቃሉ ሲረዝም እንዴት ያነሡታል? ተነሽና ወዳቂ አላቸው?” መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከቃሉ ራስ ላይ የምትቆም ትንሽ ሰረዝ መኖሯን፣ ድምፅ የሚነሣበትን ቦታ እንደምታሳይ፣ እሷን ማሳት የቃሉን ትርጉም እስከ መለወጥ እንደሚያደርስ ነገርኳቸው። የኔታ ተነሽን ወዳቂ አድርጎ ያነበበን ልጅ ምን እንደሚያደርጉት ጭኔ ያውቃል። ፊታቸው ላይ መጀመሪያ ያየሁት ነገር እርካታ ነው። “አዪ! እንግዲያው ሰዎች ናቸዋ” አሉ። ትንሽ ቆየት ብለው ደግሞ ለተማሪዎቹ፣ “ሳም ማለታቸው ግን ያስኬዳል፤ ዳዊት ተደግሞ ሲያበቃ አይሳምም እንዴ?” አሉ። ሰሙን እንግሊዞች ሰጡ፤ ወርቁን የኔታ አወጡት።

ያ ንግግር ደብተሬን ለወጠው። ከዚያ በፊት ሽፍቶቹን መያዝ ብቻ ነበር ሥራዬ፤ ከዚያ በኋላ አገራቸውን መጠየቅ ጀመርኩ። የዳዊቷ ‹ፒ› ከግሪክ የመጣች ናት፤ እኛም ‹ጰ›ንና ‹ፐ›ን ፊደላችን መጨረሻ ላይ አስቀምጠን ለጴጥሮስና ለጳውሎስ፣ ለጰራቅሊጦስም እንደምናወጣቸው ያለ ነገር ነው። የዕዳዋን ‹ቢ› የላቲን ሊቅነታቸውን ማሳየት የወደዱ ጸሐፊዎች መልሰው ሰኳት እንጂ የአገሬው ሰው ብሏት አያውቅም። የቢላዋዋ ‹ኬ› በጥንት ዘመን በእርግጥ ትነገር ነበር፤ አፍ ጥሏት ሲሄድ ብዕር አልጣላትም። የደሴቷ ‹ኤስ› ግን ንጹሕ ስህተት ናት። ቃሉ የጥንት እንግሊዝኛ ነው፤ ከላቲን የመጣ ሌላ ቃል መስሏቸው ዘመድ ያልሆነውን ፊደል አጣበቁበት። የዚህች የደሴት ታሪክ ደስ ይለኛል። እኛ ካርታ ላይ አገር ስንፈልግላት በተሳሳትነው ልክ እነሱም ተሳስተዋል።

ነገሩን የበለጠ ያጠመመው ማተሚያ ነው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ማተሚያ ሲተክል የሕዝቡ አፍ እየተቀየረ ነበር፤ አናባቢዎቹ ከቦታቸው እየለቀቁ ወደ ላይ ይወጣሉ። መጽሐፉ ቃሉን እንደ ነበረ ቸንክሮ ያዘው፤ አፉ መንገዱን ቀጠለ። ስለዚህ የዛሬው እንግሊዛዊ ልጅ የሚጽፈው በብዙ ቦታ የቅድመ አያቶቹን አነጋገር ነው።

በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ገባሁ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ከትምህርቴ ውጪ የሆነ ነገር ሳነብ ብዙ ከሰዓት በኋላ አልፏል። አንድ ቀን የገዛ ከተማዬን አገኘኋት። ቻርልስ ቢክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን ዞሮ ስለዚያ እኛ ጥላው ሥር ፊደል ስለቆጠርንበት ፍርስራሽ ጽፏል፤ ጽሑፉ በ1847 እ.ኤ.አ. ለንደን ታትሟል። ርዕሱን ሳነብ ሳቅሁ። “ማርቱላ ማሪያም” ነው የሚለው። ‹ጡ› ከብዳው ‹ቱ› ሆናለች፤ ‹መ› ‹ማ› ሆናለች። እኔ ‹ፒ› እንዲወጣልኝ ወረቀት ሳራገብ የኖርኩትን ያህል ይህ ሰው ‹ጡ›ን ለማግኘት ስንት ምላስ አደረቀ ይሆን? ‹ኤ›ዎቹ ላይ ደግሞ ድምፅ የሚነሣበትን ትንሽ ሰረዝ አድርጎባቸዋል። ተነሽና ወዳቂ ሊያወጣ ሞክሯል ማለት ነው። የኔታ ቢሰሙት ጭኑን አይምሩትም ነበር።

ከዚያ ሳሙኤል ጆንሰን መጣ። የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ካጸኑት መጻሕፍት አንዱን፣ በ1755 እ.ኤ.አ. የወጣውን ታላቁን መዝገበ ቃላት፣ ያዘጋጀ ሰው ነው። ከዚያ 20 ዓመት በፊት፣ በ1735 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ ግን ስለ እኛ ነው፤ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችን የገባው ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦ የጉዞ ታሪክ፣ ከፈረንሳይኛ የተመለሰ። በ1759 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሴላስ የሚባል የሐበሻ ልዑል ፈጥሮ ታሪኩን ጻፈ፤ ያንን መጽሐፍ ኋላ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። ጆንሰን ራሱ ግን ኢትዮጵያን ረግጧት አያውቅም። መዝገበ ቃላቱም ድምፅ የሚነሣበትን ቦታ በሰረዝ ከማመልከት አልፎ ቃሉ እንዴት እንደሚባል አይነግርም። ያ ሥራ ለሌሎች ቀርቷል።

የሁሉንም ታላቅ ሽፍታ የያዝኩት እዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ በአንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ‹ኤን› ክፍል። ንጉሥ። የእኛው ንጉሥ፣ የኢትዮጵያ ገዢ ተብሎ ተተርጉሟል። ንባቡን ሳየው “ኒገስ” ይላል። ንጉሡን ሠ የኔታ ትቢያ ላይ የጻፉልኝን አስታወስኩ፤ ይቺ ሠ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ቃል አይደል? ከሥሩ ደግሞ በዚያው አጻጻፍ ሌላ ቃል አለ፤ ወይን ጠጅ ከሙቅ ውኃና ከስኳር ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ የእንግሊዝ መጠጥ። ስሙን ያገኘው በ1732 እ.ኤ.አ. ከሞተው ከፈጣሪው፣ ከፍራንሲስ ኒገስ ነው። ማዕረጉን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ኮሎኔል።

ክረምቱን አገሬ ስገባ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ሃምሳ አለቃ ነው። ዐይናቸው ደክሟል፤ ሬዲዮው ግን እዚያው ነው። ስለ ኮሎኔሉ ስም አመጣጥ አስቀድሜ ነገርኳቸው፤ ይህ የዘገየ ይቅርታዬ ነበር። ቃሉ ጣሊያንኛ ነው፤ ኮሎኔሎ፣ የአንድ ዓምድ ጦር አለቃ። ፈረንሳዮች ሁለት ‹ል› አንድ አፍ ውስጥ ሲጋፉባቸው አንዷን ወደ ‹ር› ለወጧት። እንግሊዞች ያንን በአፋቸው ተቀበሉ፤ ኋላ አጻጻፉን እንደ ጣሊያኑ ሲያስተካክሉ አፋቸውን ማስተካከል ረሱ። “ስለዚህ ጋሼ፣ ለጥንቱ የሚቀርበው የእርስዎ ነው። ሁለቱንም ‹ል› ያልጣልነው እኛ ነን።”

“አላልኩህም?” አሉ፤ የገረማቸውም አይመስልም።

ከዚያ ስለ ኮሎኔል ኒገስና ስለ መጠጡ ነገርኳቸው። ይሄኛው ገረማቸው። ደጋግመው አስነገሩኝ።

“ስሙ ንጉሥ፣ ማዕረጉ ኮሎኔል?”

“አዎ።”

“ያውም ጠጅ የሚጥል?”

“ወይን ነው፣ በሙቅ ውኃ።”

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። የሬዲዮውን መርፌ ያለ ሥራ አዟዟሩት። “የእኛዎቹ አንድ ወንበር አልበቃቸው ብሎ አገር ተላለቀ” አሉ በመጨረሻ። “የእነሱ አንድ ሰው ሆነው ጠላ ይጠምቃሉ።”

ሃምሳ አለቃ ያረፉት እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ለቀብሩ ደረስኩ። ልጆቻቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ወረቀቱን ሰጡኝ፤ “ከርነሉ ያንብበው፣ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል” ተባለ። በንጉሡ ሠ ሊጻፍ የሚገባው በእሳቱ ተጽፏል፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁለት ቦታ ተደልዟል፤ እንደ ወረደ አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ በኦጋዴን ግንባር ያዘዛቸው ሰው ስም ከነማዕረጉ አለ። እዚያ ስደርስ ከፊት የቆሙት ሁለት ጡረተኞች ቀና ብለው አዩኝ። የጠላ ቤቱን ማታ የሚያስታውሱ ናቸው።

ኮሎኔል አልኩ፤ በሁለት ‹ል›።